ባሕሩ በገናና በጥምቀት መካከል ይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ውጭ አገር ብርዱ ሲጠና ዘመድ ጥየቃ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚመጡ ባልና ሚስቶች፣ እግረ መንገዳቸውን ጅቡቲ ወርደው ባሕር ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ጊዜውም ይፈቅዳል። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የጅቡቲ ሙቀት በታኅሣሥና በጥር ከ30 ብዙም አይዘልም፤ ባሕሩም ለዋና አይቀዘቅዝም። ጉዞውን የሚያበላሸው የቀን አመራረጥ ስለሆነ፣ ይህችን ደብዳቤ ከበዓሉ በፊት ብታወጡልን።

ቁልቢን ተሳልሞ በማግሥቱ ለመውረድ መነሣት አይበጅም። በታኅሣሥ 19 ሰሞን በዚህ መስመር መኪና ማግኘት ጭንቅ ነው። ጾመ ነቢያትም ገና አልተፈታም፤ ጾመኛ ሰው ለሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የሚጠበሰውን የየመኖች ዓሣ ሳይቀምስ ሊመለስ ነው። ገናን ከቤተሰብ ጋር ውለው ጥር 2 ወይም 3 ቢወርዱ፣ ጥር 8 ቢመለሱ፣ ለከተራ እቤታቸው ናቸው። ቤተሰብም አይቀየምም።

ትልቁ ጣጣ ቪዛ ነው። የውጭ ፓስፖርት ይዞ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የመጣ ሰው፣ የድንበሩን ከተማ ደወሌን ሲሻገር ቪዛው አበቃ፤ ለመመለስ ሌላ ያስፈልገዋል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ከዚህ ነፃ ነው፤ የትዳር ጓደኛው ግን መታወቂያ ከሌለው ድንበር ላይ ይለያያሉ። የጅቡቲው ቪዛም አስቀድሞ ይለቅ።

የመንገደኛ ባቡሩ በየቀኑ አይመላለስም፤ የመመለሻው ቀን ሳይታወቅ የመሄጃውን ቲኬት መቁረጥ ከከተራ ያስቀራል። የድሬዳዋው ጣቢያም ከዚራ ያለው የጥንቱ ሳይሆን ከከተማ ወጣ ያለው አዲሱ ነው። ጅቡቲ ላይ የሚወረደው ናጋድ ነው፤ እሱም ከከተማው ውጭ ስለሆነ የታክሲ ወጪ ታሳቢ ይደረግ። 1 ዶላር ወደ 178 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ምንዛሪው ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም፤ ከዚያ በጣም አሳንሶ የሚመነዝር ካለ ይታለፍ።

የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ፣ ጨውነቱ የባሕርን አሥር እጥፍ የሚያህል ውኃ ነው። ሰው አይሰጥምበትም፤ ግን ዳር ዳሩን የረጋው ጨው እንደ ስባሪ ጠርሙስ ስል ነው፤ በባዶ እግር ከገቡ ተረከዝ ይቆርጣል፣ ቁስሉም ያንገበግባል። የላስቲክ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ነው። በዚያው ዕለት ጢም ወይም እግር አለመላጨት፣ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ እንጂ ፊትን አለመንከር። ሲወጡ ውኃው ገላ ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራና ያሳክካል፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው 5 ሊትር መታጠቢያ፣ ከመጠጡ ሌላ፣ ከከተማ ይጫን።

ጅቡቲ ውስጥ በአርታ በኩል በጀልባ ሄዶ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ማየት በዚህ ወቅት ይቻላል፤ መንካት ግን ነውር ነው።

በጋ ነው ብሎ ትንኝን መናቅ አደገኛ ነው። በጅቡቲ በ2012፣ በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውኃ ታንከር ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ያስነሣችውም እሷ ናት። ተቀባዩ ቤተሰብ በርሜሉን ግጥም አድርጎ ይክደን፣ አልጋው ላይ አጎበር ይስቀል፤ እንግዶቹም ከመነሣታቸው በፊት ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ይጠይቁ። ወባ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላም ሆነ ዘግይቶ ስለሚነሣ፣ አገራቸው ገብተው ቢያተኩሳቸው ድሬዳዋና ጅቡቲ እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል።

አክባሪያችሁ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ