ደጅ ጥናት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴ የጥቅምት ብርድ ገብቷል፤ ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ በር አያስከፍትም።

ባለፈው እሑድ በስልክ “እማዬ፣ ከእንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል አትበይኝ” ብለሽ ስትዘጊው ለረጅም ሰዓት ባለሁበት ተቀምጬ ቀረሁ። አልተቆጣሁም። ያንን ቃል ስንት ጊዜ አፍሽን ለመዝጋት እንደተጠቀምኩበት እያሰብኩ ነበር። ወንድምሽ የሄደ ሰሞን ስታለቅሺ “ተይ፣ እግዚአብሔርን ማማረር ይሆንብሻል” ያልኩሽ እኔ ነኝ። እምነት መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነበር ልጄ፤ አንቺ ካለቀስሽ እኔም እንደማልቆም ስለማውቅ ነው። ይቅር በይኝ።

ሌላም ልነግርሽ የሚገባ አለ። ገንዘቡን አንቺ እንደሰጠሽው አውቃለሁ። በሄደ በሳምንቱ ጓደኛው ነግሮኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ፣ አንቺ እንዳላውቅ ስትጠነቀቂ፣ ለየብቻችን ነደድን። አንቺ ባትሰጪው ተበድሮ ይሄድ ነበር። የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ ሳውዲ ልግባ ብሎ የቆረጠን የወሎ ልጅ ደጃፍ ላይ የተኛች እናት እንኳ አላስቀረችውም። እኔ ዘንድ ዕዳ የለብሽም። ይህንን ደጋግመሽ አንብቢው።

ከባዱ መሃል ላይ መቅረታችን ነው። መርዶ ቢመጣ ድንኳን ተጥሎ፣ ዕድርተኛው ተሰብስቦ፣ ተለቅሶ ይወጣ ነበር። ደህና ቢሆን ደግሞ ድምፁን እንሰማ ነበር። ለጸሎት ቆሜ ስሙ ጋ ስደርስ “ጠብቅልኝ” ልበል ወይስ “ነፍሱን ማርልኝ”፣ ግራ ይገባኛል። አንዳንድ ሌሊት ስሙን ብቻ ጠርቼ እተኛለሁ።

አያትሽ ትዝ ትለኛለች። በ1977ቱ ድርቅ ሁለት ወንድሞቿ በሰፈራ መኪና ተጭነው ወደ መተከል ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። እርሷም በየዓመቱ መስከረም 21 አምባሰል ድረስ ሄዳ ግሸን ማርያምን መሳለም ጀመረች። አንድ ዓመት ተከትያት ወጣሁ። ወደ አምባው የሚያስገባው በር አንድ ነው፤ ሕዝቡ እየተጋፋ ሲያልፍ እርሷ ጥግ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። “ወንድሞቼን የት አደረግሃቸው? መልስልኝ እንጂ!” ትላለች፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ከሳሽ። አፈርኩ። ሰው እያየን ነው ብዬ እጇን ጎተትኩ። “ተይኝ” አለችኝ፤ “ደጅ የሚጠና ሰው አቤት ሳይል ይመለሳል እንዴ?”

ያኔ ልጅ ነበርኩና አልገባኝም። ለካ መጽሐፉም እግዚአብሔርን መጠበቅን ደጅ መጥናት ነው የሚለው። በድሮ ጊዜ በንጉሥ ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ “አቤት! አቤት!” እያለ ይጮህ ነበር። ሰሚ የለም ያለ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ በር ላይ አይጮህም። ዳዊትም በ12ኛው መዝሙሩ “እስከ መቼ” እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ አቤቱታውን የሚያሰማው አቤቱ ብሎ ነው። አንቺ በስልክ የጮኽሽው እኔ ላይ መስሎሽ ይሆናል። እኔ ግን ስሰማው የአያትሽ ድምፅ ነበር።

ከወንድሞቿ ትልቁ ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 መጣ። ታናሹ አልመጣም። ይህንን የማነሳው ወንድምሽም ይመጣል ልልሽ አይደለም፤ አላውቅም። አያትሽ ግን ትልቁ ከተመለሰም በኋላ ግሸን መውጣቷን አልተወችም። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ለአንዱ ምስጋና፣ ለሌላው ለቅሶ ይዛ በአንድ መንገድ ትወጣ ነበር። በዓይኔ ያየሁት እምነት እርሱ ነው፤ ሌላ የማሳይሽ የለኝም።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ ብለሻል። ከነቁጣሽ ሂጂ። ቅዳሴውን መቆም ካቃተሽ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጪ፤ ምንም ባትናገሪም ደጁ ላይ ነሽ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ሐሙስ ሐሙስ በዱአቸው ላይ ስሙን ያነሱታል። ጀበናቸውን ይዘው ይመጡና “አብሽሪ” ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አይናገሩም። ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብለው አብረውኝ ይቀመጣሉ። እኔም ለአንቺ እንደዚያ ልቀመጥልሽ እፈልጋለሁ። ፈቃድ ጠይቀሽ ለኅዳር ሚካኤል ነይ። አንመካከርም፤ እንደልባችን እናለቅሳለን።

ያወጣሽልኝን አዲስ ሲም ካርድ አልተጠቀምኩበትም፤ አትቀየሚኝ። ወንድምሽ በቃሉ የያዘው የድሮውን ቁጥሬን ነው። የቻርጀሬ ገመድ ግን ላልቶ ሌሊት እየተቋረጠ ስልኩ ይጠፋብኛል። ስትመጪ አንድ ግዢልኝ።

እናትሽ