የአብራሪነት ፈተና ወጪና ቀጠሮ፦ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ወላጆች

ለገጣፎ
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ ብቅ የምትሉ ወላጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ነገር አለ። ልጃችሁ ፓይለት ልሁን ብሏል። ኤጀንት አሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤት አግኝቶለታል። «ሁሉንም ያካተተ» የሚል የዋጋ ወረቀትም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ በላያችን ሲያልፍ እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ቢመኝ አይገርመኝም። ምኞቱን ለማቀዝቀዝ አይደለም የምጽፈው። ባየኋቸው ወረቀቶች ላይ ግን አንድ መስመር ይጎድላል፤ የፈተናው ወጪ።

አሜሪካ ውስጥ የአብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠው የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። ተማሪው ግን በአብዛኛው የሚፈተነው መሥሪያ ቤቱ በወከላቸው የግል ፈታኞች ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሲፈትኑ ክፍያ የለውም፤ እነሱን ማግኘት ነው ጭንቁ። የግል ፈታኙ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ታሪፍ አላወጣለትም። ዛሬ ለአንድ ፈተና ከ800 እስከ 1,000 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚያስከፍሉ አሉ። የአውሮፕላኑ ኪራይ ለብቻው ነው። ፈተናው በቃል ጥያቄ ይጀምርና ወደ በረራ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ፈተናው ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ለግል አብራሪነት ይፈተናል። ከዚያ ደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመራ ለመብረር፣ ቀጥሎ ለንግድ አብራሪነት፣ ብዙ ጊዜም ለባለሁለት ሞተር አውሮፕላን። አራት ፈተና ማለት አራት ጊዜ ለፈታኝ መክፈል ነው። የጽሑፍ ፈተናዎቹም የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። ይህን በዛሬው ምንዛሪ በብር አስሉት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 በፊት በብር የተጻፈ ዋጋ የሚያሳያችሁ ኤጀንት ካለ ወረቀቱን መልሱለት።

ከክፍያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቀጠሮው ነው። ፈታኞቹ ጥቂት ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ልጁ ለፈተና ዝግጁ ነው ብሎ አሰልጣኙ ከፈረመለት በኋላ ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል፤ በአንዳንድ አካባቢ ከወር በላይ። መንጃ ፈቃድ ያወጣችሁ የፈተና ወረፋ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ እዚህ ወረፋ ስትጠብቁ ቤታችሁ ነው የምታድሩት። እዚያ ግን የቤት ኪራይና ምግብ ይቆጥራል። እጁ እንዳይቀዘቅዝ በመሀል መብረርም አለበት። አውሮፕላኑና አሰልጣኙ አንድ ላይ በሰዓት ከ200 ዶላር በላይ መሆናቸው የተለመደ ነው። ደንቡም ዝም አይልም። ለግል አብራሪነት በተለመደው መንገድ የሚፈተን ተማሪ፣ ከፈተናው ወር በፊት ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ከአሰልጣኝ ጋር ቢያንስ 3 ሰዓት ለፈተናው ተብሎ መብረር አለበት። ቀጠሮው ከተራዘመ ያ ልምምድ ጊዜው ያልፍበታል፤ እንደገና ይበራል፣ እንደገና ይከፈላል።

የአየሩም ነገር አለ። ቀጠሮው ደርሶ ደመናው ዝቅ ቢል ወይም ነፋሱ ቢበረታ ፈተናው ይቋረጣል። ይህ መውደቅ አይደለም። ፈታኙ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል፤ በ60 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ያለፈባቸውን ክፍሎች ድጋሚ አይፈተንም። ዋናው ችግር በነዚያ 60 ቀናት ውስጥ ሌላ ቀጠሮ ማግኘቱ ነው። ከወደቀ ደግሞ አሰልጣኙ አስተካክሎ አዲስ ፊርማ ይሰጠዋል፣ ፈታኙም ብዙ ጊዜ ድጋሚ ያስከፍላል። ጎበዝ ልጅም ይወድቃል፤ «የኔ ልጅ አንድ ጊዜ ነው የሚያልፈው» ብላችሁ በጀት አትያዙ።

ቪዛውንም ከዚህ ጋር አያይዛችሁ አስቡት። ለሙያ ሥልጠና የሚሰጠው ኤም-ዋን ቪዛ መጀመሪያ የሚፈቅደው ቢበዛ አንድ ዓመት ነው፤ ማራዘም በማመልከቻ ነው። በትምህርቱ ጊዜ ሠርቶ ገቢ ማግኘትም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለፈታኝ የተጠበቀ ወር ከዚያው ዓመት ላይ ይቀነሳል፣ ወጪውም ከእናንተ ኪስ ይወጣል።

እና ምን እንጠይቅ ላላችሁኝ፦ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የራሱን ተማሪዎች ራሱ የመፈተን ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህ ፈቃድ ያላቸው አሉ፤ እነሱ ዘንድ የውጭ ፈታኝ ወረፋው ይቀላል። ከሌለው ከየትኞቹ ፈታኞች ጋር እንደሚሠራና አሁን ያሉት ተማሪዎች ስንት ሳምንት እየጠበቁ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ዋጋው በስንት የበረራ ሰዓት እንደተሰላም እዩ። ለግል አብራሪነት የሕጉ ዝቅተኛ 40 ሰዓት ነው፤ በተፈቀደ ሥርዓተ ትምህርት ለሚያሠለጥኑ 35። ብዙ ተማሪ ግን 60 ሰዓት አልፎ ነው ለፈተና የሚደርሰው። በ40 የተሰላ ዋጋ ማስታወቂያ ነው።

የባንኩንም ነገር አትርሱ። ለትምህርት ክፍያ ዶላር ለመላክ ስትሄዱ ባንኩ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤና የክፍያ ዝርዝር ይጠይቃችኋል። የፈታኝ ክፍያ ለግለሰቡ በቀጥታ የሚከፈል ከሆነ ዝርዝሩ ላይ አይገኝም። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስ ልጁ ሳይሄድ ይታወቅ።

አንድ ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ የአብራሪ የጤና ምርመራ ያድርግ፤ ቀለም የመለየት ችግር እንዳለበት የሚያውቀው ያን ቀን የሆነ ልጅ ይኖራል። ወደ አገሩ ተመልሶ ለመሥራትም የውጭውን ፈቃድ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል ማስፈቀድ አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለራሱ የሚያሠለጥናቸውን አብራሪዎች በውድድር እንደሚቀበልም አትዘንጉ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ልጆቹ ይመዝገቡ። እንደኔ እንደኔ ይህ መጀመሪያ ይሞከር።

ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ እገኛለሁ። የተሰጣችሁን የዋጋ ወረቀትና ውል ይዛችሁ ኑ፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። ፈርሙ እየተባላችሁ የምትጣደፉ ካላችሁ እስከ ቅዳሜ ታገሡ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር