ስለዚያ ዘገባህ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት አልወጣም እያለ ያስቸግረኛል። በስልክ ስናወራ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ ደግሞ ቶሎ እቆጣለሁ። ስለዚህ ከፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ለከተማ እድሳት ስለተነሡት ሰዎች በሠራኸው የቴሌቪዥን ዘገባ ላይ ያለኝን ሐሳብ በጽሑፍ ልንገርህ። ዕድሜዬን በጋዜጣ አራሚነት የጨረስኩ ሴት ነኝና የልጄን ሥራ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በዘገባው መጀመሪያ አንዲት እናት አለቀሱ፤ ቀጥሎ አንድ ባለሥልጣን ስለ ከተማ ውበት ተናገሩ፤ በመጨረሻ አንተ ጉዳዩ ብዙዎችን እያነጋገረ መሆኑን ነግረኸን ተሰናበትህ። «ሁለቱንም ወገን አካትቻለሁ» ብለኸኛል። አዎ፣ አካትተሃል። እኔ ግን ዘገባህን ካየሁ በኋላ የማውቀው ከማየቴ በፊት የማውቀውን ብቻ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይና የግል ይዞታ ያለው ሰው የሚያገኙት አንድ ዓይነት ነው? ምትክ ቤቱ የት ነው? ውሃና መብራትስ ገብቶለታል? ማስጠንቀቂያው የደረሳቸው መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሰነድ አገላብጦና ቦታው ድረስ ሄዶ መልስ የሚገኝላቸው ናቸው። ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከተማ የሚታደሰው ለማን ነው፣ አብሮ ያረጀ ጉርብትና፣ እድርና ማኅበር ሲበተን በምን ይካሳል የሚለው። አንተ ሊጣራ የሚችለውንም ሊያከራክር የሚገባውንም አንድ ላይ «አስተያየት» አድርገህ አቀረብክልን። ሴትዮዋ «ምንም አልተሰጠኝም» ሲሉ ባለሥልጣኑ «ሁሉም ተስተናግዷል» ካሉ ከሁለቱ አንዱ ትክክል አይደለም። የትኛው እንደሆነ ሄደህ አይተህ የምትነግረን አንተ ነህ። ለሁለቱም እኩል ደቂቃ ሰጥቶ መሄድ ለዘጋቢው ይመቸዋል፤ ማንም አይቀየመውምና።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የባለሥልጣኑ ሣቅ ነው። እናትየዋ እንባቸውን ሲጠርጉ አሳይተኸን ወዲያው ሰውየው ሪባን ቆርጠው ሲሥቁ አመጣህብን። ምስሉ የሌላ ቀን፣ የሌላ ዝግጅት ምስል ነው፤ ከጀርባቸው የተሰቀለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የቃል ውሸት አልተናገርክም፤ ዘገባህን የሚያይ ሰው ግን ሰውየው በሴትዮዋ እንባ የሣቁ ይመስለዋል።

ይህ ነገር በዚህ ከተማ ከአሁን በፊት ተሠርቷል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መንግሥት ሲሸፍነው የነበረውን የወሎ ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ሥራው ምስጋና የሚገባው ነበር። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና የምቾት ምስሎችን እያስገባ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። ንጉሡ በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥን ካላቸው ጎረቤቶቻችን ቤት ተጨናንቀን ነው ያየነው። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ንዴታችንን የቀሰቀሰው ግን ፊልሙን የቆረጠውና የቀጠለው እጅ ነው፤ ያንን እጅ ያየ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ንጉሡ ተጠያቂ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። የተሸፈነው ረሃብ ብቻውን ለክስ ይበቃ ነበር።

ደግሞ ተመልከት፤ በዚያ ፊልም ያስለቀሰን መንግሥት ራሱ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር። በአገር ውስጥ የተወራው ስለ በዓሉ ነበር። በሰሜን ያለችው የኮረም ሕዝብ ስቃይ በዓለም ዘንድ የታወቀው በጥቅምት ወር በኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ በመሐመድ አሚን ቀረጻና በቢቢሲው ጋዜጠኛ በማይክል በርክ ዘገባ ነው። ያልታየ ምስልም የአንድ ሰው ውሳኔ ነው።

በደርግ ጊዜ ጽሑፍ ሳይመረመር አይታተምም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ማኅበራዊ ገጽ ወይም በመገናኛ ብዙኃን ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። የአዋጁ ተቺዎች ብዙ ናቸው፤ ሐሰት የሆነውን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ፍርሃታቸው እኔንም ይነካኛል። አንተን ግን ስለዚያ ሣቅ የሚጠይቅህ አዋጅ የለም። የምጠይቅህ እኔ ነኝ።

ስለ እናትየዋም አንድ ነገር አለኝ። ፊታቸውን፣ ስማቸውን፣ የቤታቸውን በር ሳይቀር አሳይተሃል። ፈቅደዋል ትለኛለህ። ሰው ቤቱ ሊፈርስበት ቆሞ እያለቀሰ ማይክሮፎን ሲቀርብለት ምኑን አስቦ ይፈቅዳል? የምትክ ቤት ጉዳያቸውን ለመጨረስ ገና ወረዳ ይመላለሳሉ፤ በሄዱ ቁጥር «በቴሌቪዥን የወጡት እርስዎ ነዎት?» ይባላሉ። እንባው ሲደርቅ፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ የት እንደሚታይና ማን እንደሚያየው ነግረህ እንደገና ልትጠይቃቸው ይገባ ነበር። እምቢ ካሉ ድምፃቸው ብቻውን ይበቃል። ለባለሥልጣኑ ይህን ያህል መጨነቅ የለብህም፤ እሳቸው ቃል አቀባይ አላቸው።

በየሆቴሉ መግለጫ ላይ ለጋዜጠኞች ለትራንስፖርት እየተባለ በፖስታ የሚታደለውን ገንዘብ በተመለከተ ብዙ አልልህም። ታክሲ ከቸገረህ እኔን ጠይቀኝ።

እናትየዋን አግኝቻቸዋለሁ። ከዘገባህ ወዲህ ከአንተ በኩል የደወለላቸው ሰው የለም። አልተቆጡህም፤ እንዲያውም «ልጅሽ ጨዋ ነው» ብለውኛል። የወረዳውን ደብዳቤ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ይዘውታል፤ ቀንም ማኅተምም አለበት፣ እኔ አንብቤዋለሁ፣ አንተ አላነበብከውም። ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ከሆንክ አብረን እንሄዳለን። ካሜራውን ለሌላ ቀን ተወው፤ ደብተርህን ግን እንዳትረሳ።

እናትህ