ስለ ቢኤምደብሊው ኤም 5 ግዢና ግምት

ለተከበራችሁ አባላት፣

ለሽያጭ የቀረበ ኤም 5፣ ማለትም የቢኤምደብሊው ባለ ከፍተኛ ጉልበት የቤት መኪና፣ ስታዩ ዋጋውን በምን መመዘን እንደሚገባ አንዳንዶቻችሁ ስለጠየቃችሁ፣ ይህን ከደብረ ማርቆስ ጽፌላችኋለሁ።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 የተመረተውን፣ ኢ39 ተብሎ የሚታወቀውን ትውልድ ነው። 4.9 ሊትር የሆነው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ፋብሪካው የገጠመለት ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ብቻ ስለሆነ፣ አውቶማቲክ የሆነ ኢ39 የትኛውም ዓርማ ቢለጠፍበት ከፋብሪካ የወጣ ኤም 5 አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ከማድነቃችሁ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

ግምቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የጥገና መዝገቡ ነው። የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ቫኖስ የተባለው ክፍልና የካቴናው መሪ ፕላስቲኮች ሲያረጁ ጥገናቸው ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ደረሰኝ ለሌለው «ተሠርቷል» ለሚል ቃል ብር አይጨመርም። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ባለ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር መኪናም፣ በእኔ እምነት፣ ዘይቱ በየጊዜው እየተቀየረ ከተነዳው አይበልጥም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነችና አየሯ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ይህ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቢጎድልበት ብልሽት አይደለም፤ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ውሃው ከፈላ ግን ብልሽት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለታገደ ምርጫችሁ እዚሁ ባሉት የተወሰነ ነው፤ ቢሆንም የፍሪሲዮኑን መለዋወጫ ከየት እንደምታገኙ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።