ስለ ስሜን ተራሮች ፓርክ የቤተሰብ ጉዞ
ሰላም ናችሁ? ጉዞው ጥቅምት ላይ ይሁን። ያኔ ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ስለሚገፈፍ ገደሉ ወለል ብሎ ይታያል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ዋዜማውን አጣርተን በጠዋት ከወጣን፣ ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘን ቀን ሳለ የምናድርበት ካምፕ ሳንካበር እንደርሳለን።

ልጆች ያላችሁ ስሙኝማ፦ ሳንካበር ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አምና "ጋቢ ይበቃኛል" ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አድሯል። ወፍራም ብርድ ልብስና ካልሲ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ልጆቹን አታሩጧቸው፣ ከፍታው ራስ ያዞራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር ነው የሚግጡት፣ ግን ዳቦ የሚወረውርላቸው ልጅ ካየሁ የምቆጣው እናቱን ነው (አባቱንም)። ዋሊያ እናያለን ብዬ ቃል አልገባም።

መኪና እንድንይዝ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ እሁድ ጻፉልኝ።