ለጤና ሚኒስቴር፦ የስኳር ታማሚውን ጫማ አስወልቁልን

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አባቴ እግር ነው።

አባቴ ዓይነት ሁለት ስኳር ከተገኘበት ስምንት ዓመት አለፈው። አንድ እሁድ ቡና እየተፈላ ፍም ከምድጃው ተፈናጥሮ የእግሩ ጣት ላይ አረፈ። እሱ ወሬውን አላቋረጠም። «ምንድነው የሚሸተው?» ብላ የጮኸችው እናቴ ናት። ቁስሉን በዓይኑ እያየ እንኳ «ኧረ ምንም አላመመኝም» ይለን ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ አለማመሙ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ከክትትሉ ቀርቶ አያውቅም። ጣቱን ይወጋል፣ ስኳሩ ይለካል፣ መድኃኒት ይጻፍለታል፣ በቃ ወደ ቤት። ካልሲህን አውልቅ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ከቃጠሎው በኋላ ያየው ሐኪም ነው ዓይኑንም ታይ ብሎ የላከው፤ ጠብታ ተደርጎለት ሲታይ የረቲናው (ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ደም ሥሮች እዚህም እዚያም አብጠው ደም አፍስሰው ተገኙ። ጋዜጣ እኮ ያለችግር ያነብ ነበር!

ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቭን ይጎዳል፣ ነርቭን የሚመግቡትንም ሆነ ረቲና ላይ ያሉትን ጥቃቅን ደም ሥሮች ይጎዳል። አንዱ ጋ ጉዳት ከታየ ሌላውንም መፈለግ ነው። ዓይነት ሁለት ደግሞ ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል እግርም ዓይንም መታየት ያለባቸው ገና በሽታው እንደተገኘ ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ።

ለእግሩ የሚያስፈልገው በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጥ የናይለን ክር ነው። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ነርሷ ውስጥ እግሩን በክሩ ትነካዋለች፣ ሲሰማው «አዎ» ይላል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለዓይኑ ደግሞ ረቲናውን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፎቶው አንድ ከተማ ተነስቶ ሐኪሙ ሌላ ከተማ ሆኖ ሊያየው ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 አገር አቀፍ የስኳር ታማሚዎች የዓይን ምርመራ ጀመረች፤ በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የስኳር የዓይን ጉዳት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚ መሆኑ ቀረ፣ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እናንተም ለትራኮማ ገጠር ድረስ ወርዳችሁ ሠርታችኋል። እባካችሁ ክሩን ለየጤና ጣቢያው አድሉ። የክትትል ካርዱ ላይ «እግር» እና «ዓይን» የሚል ቦታ ይኑር፣ የታየበት ቀንም ይጻፍበት።

አባቴ በሚቀጥለው ወር ለዓይኑ የሌዘር ሕክምና ቀጠሮ አለው። እስከዚያ ማታ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ውስጥ እግሩን በባትሪ የማይለት እኔ ነኝ።