የፊልም ክበብ፦ የዳይሬክተር ለዛ ለምን ይደበዝዛል?

የፊልም ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ጥያቄ ነው። ያነሳችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በተከታታይ ሳምንታት የአንድ ዳይሬክተር ፊልሞች እያየን ነበር። የመጨረሻው ሲያልቅ «ቲቸር፣ ይሄንንም የሠራው ያው ሰውዬ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ ምን ነካው?»

ለዓመቱ ሌላ ዕቅድም ነበረን። የካሜራ አያያዝ፣ የድርሰት ልምምድ፣ ከሥነ ጽሑፍ ክበብ ጋር የግጥም ዝግጅት። አብዛኛውን ሠርተናል። ልባችን ግን እዚያች ጥያቄ ላይ ቀረ። ስለዚህ ዘገባዬ በብዛት ስለ እሷ ነው።

ሰውዬው ቲም በርተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ ዲዝኒ ውስጥ በሠዓሊነት ሲሠራ በ1982 «ቪንሰንት» የምትባል አጭር ፊልም አወጣ። ስድስት ደቂቃ ገደማ ናት። ጥቁርና ነጭ ናት። አሻንጉሊቶችን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሳት የተሠራች ናት። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ የሆነ እየመሰለው በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያልማል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ተማሪዎቹ ወደዷት። አጭር ስለሆነች እዚያው ደግመን አየናት። ከዚያ የበርተንን ምልክቶች ሰሌዳ ላይ ዘረዘሩ፦ የገረጣ ፊት፣ ዙሪያው የጠቆረ ዓይን፣ የተጣመመ ዛፍ፣ ባለመስመር ልብስ፣ ከግድግዳው የሚበልጥ ጥላ፣ ሰው ያልተረዳው ደግ ልጅ።

በ1990 የወጣው «ኤድዋርድ ሲዘርሃንድስ» ላይ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ፈልሳፊ ሽማግሌ ልጅ ይሠራል። እጁን ሳይጨርስለት ይሞታል። ልጁ በጣቶቹ ቦታ መቀስ እንደተገጠመለት ይቀራል። ቤት ለቤት ኮስሞቲክስ የምትሸጥ ሴት አግኝታው ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ሰፈሩ ለፊልም ተብሎ የተገነባ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ቤቶቹን ብቻ ፈዘዝ ባለ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀቧቸው። ልጁ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አተር በመቀሱ ለማንሳት ይታገላል። አተሯ ታመልጠዋለች። እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀ። ኋላ ላይ ልጅቷ «እቀፈኝ» ስትለው «አልችልም» ይላታል። እሷው ራሷ እጆቹን ቀስ ብላ አንስታ ዙሪያዋ ታደርጋቸዋለች። አሁን የሚስቅ የለም። አተሯ ላይ ያየነው ችግር ነው እዚህ ተመልሶ የመጣው። ይህን ልብ ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ በ2010 የወጣውን «አሊስ ኢን ወንደርላንድ» አሳየሁ። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ የጻፉትን ዝርዝር ይዘው ጠበቁ። ሁሉም አለ። የተጣመመው ዛፍ አለ፣ የገረጣው ፊት አለ፣ ባለመስመሩ አለ። ግማሽ ላይ ሳይደርስ ግን ክፍሉ ተቁነጠነጠ። ከኋላ ስልክ የሚነካኩም ነበሩ።

ፊልሙ ከሰረ ማለቴ አይደለም። ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በልብስና በመድረክ ዝግጅት ሁለት ኦስካር ወስዷል። ለዓይን ያምራል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ወዲህ ነው። በ«ኤድዋርድ» ውስጥ እንግዳው አንድ ሰው ነው፤ ሰፈሩ የለመድነው ዓይነት ሰፈር ነው። አጥሩን፣ ሣሩን፣ ሐሜተኛ ጎረቤቱን እናውቃቸዋለን። ልጁ እዚያ መሃል ሲገባ ነው የሚያሳዝነን። በ«አሊስ» ግን ሁሉም ነገር እንግዳ ነው። ብዙው ክፍል የተቀረጸው አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ነው፤ ዓለሙ ኋላ በኮምፒውተር ተሞላ። ሁሉም እንግዳ ከሆነ የሚገለል ሰው ከወዴት ይመጣል? ምልክቶቹ አሉ፣ ምልክቶቹን የወለደው ብቸኝነት ግን የለም።

አንድ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፣ ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያናገረ። በርተን በ1984 «ፍራንከንዊኒ» የሚባል ግማሽ ሰዓት የሚሆን ፊልም ለዲዝኒ ሠርቶ ነበር። የሞተበትን ውሻ በኤሌክትሪክ ስለሚያስነሳ ልጅ ነው። ድርጅቱ ለሕፃናት ያስፈራል አለና ከበርተን ጋር ተለያዩ። በ2012 ያው ዲዝኒ ያንኑ ታሪክ ረጅም ፊልም አድርጎ ከበርተን ጋር አወጣው። በ2019 ደግሞ የራሱን የ1941 ፊልም «ደምቦ»ን እንደገና እንዲሠራ ለበርተን ሰጠው። ያኔ ያስወጣው ነገር አሁን የሚፈለግበት ሆነ። አንድ ተማሪ «ድሮ የተከለከለውን ነበር የሚሠራው፤ አሁን የታዘዘውን ነው» አለ። ከዓመቱ ውይይት ሁሉ ይህን አባባል በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ስለ ክበቡ አሠራርም ጥቂት ልበል። የምንሰበሰበው ረቡዕ ከሰዓት ነው። መስኮቱን በካርቶን እንሸፍናለን፣ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ እንወጥራለን። ረመዳን ሲገባ የሚጾሙት ለማፍጠሪያ ቤታቸው እንዲደርሱ ረጃጅሞቹን ፊልሞች ቆራርጠን ነው ያየነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውይይቱ ይቀጥላል። እንዲያውም ምርጡ ሙግት የተነሳው መብራት በጠፋበት ቀን ነው።

ሙግቱን የጀመረው አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው። «እኛ አገር አምባሰል የሚጫወት ሰው ዕድሜውን ሙሉ አምባሰል ቢጫወት ማን ይወቅሰዋል? ባቲም ያው ነው። ለምን በርተን ራሱን ደገመ ተብሎ ይወቀሳል?» አለ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን ክርክር መርታት ቀላል አይደለም። ቅኝቱ የታወቀ ነው፣ ድምፆቹ አምስት ናቸው። ተጫዋቹ ከዚያ አይወጣም፤ እኛም እንዲወጣ አንፈልግም። አንዲት ልጅ መለሰችለት። «ቅኝቱ የድሮ ነው፣ ግጥሙ ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሰው አይቶ ነው የሚወጣው። ግጥሙም የተሸመደደ ከሆነ ማንም አይሸልመውም» አለች።

ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለልጁ ሐሳብ ምስክር የሚሆን ሰው ነበረኝና በቀጣዩ ረቡዕ የጃፓኑን ያሱጂሮ ኦዙን አመጣሁ። ኦዙ ካሜራውን ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚያይበት ከፍታም ዝቅ አድርጎ ይተክላል፤ በኋለኞቹ ፊልሞቹ ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። በ1949 የሠራው «የጸደይ መገባደጃ» ሚስቱ የሞተችበት አባት ልጁን ስለመዳር ነው። በ1962 የሠራው የመጨረሻ ፊልሙም ሚስቱ የሞተችበት አባት ልጁን ስለመዳር ነው። አባቱን የሚጫወተው ተዋናይ እንኳ አንድ ነው፣ ቺሹ ርዩ። ሰውዬው ራሱን ደገመ ከተባለ ከዚህ በላይ የደገመ የለም። ለዛው ግን አልጠፋም። ከሁለቱም ፊልሞች የተወሰነ ክፍል አየን፤ በሁለተኛው የአባትየው ዝምታ የባሰ ከባድ ነው። መደጋገም ብቻውን ሰውን አያደበዝዝም ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ሌላው ጃፓናዊ ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። ኩሮሳዋ ከ1943 እስከ 1965 ድረስ 23 ፊልም ሠራ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት የሠራው ሰባት ብቻ ነው። በ1970፣ በ1975፣ በ1980፣ በ1985፣ በ1990፤ እስከዚያ ድረስ በየአምስት ዓመቱ አንድ። ቴሌቪዥን መጥቶ የጃፓን ስቱዲዮዎች ተዳክመው ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጠው ጠፋ። የ1975ቱን የሠራው በሶቪየት ገንዘብ ነው። ለ1980ው አሜሪካውያኑ ዳይሬክተሮች ጆርጅ ሉካስና ፍራንሲስ ኮፖላ የአሜሪካ ስቱዲዮ ለመኑለት። «ራን» የተባለውን የ1985ቱን ደግሞ ፈረንሳዊ ፕሮዲውሰር ነው የያዘለት። ገንዘቡን ሲጠብቅ ትዕይንቶቹን በቀለም እየሳለ ቆየ። በዚያ ላይ ዓይኑ ደክሞ ነበር።

በ1954ቱ «ሰባቱ ሳሙራይ» መጨረሻ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ፈረስና ሰው ጭቃ ውስጥ ይደባለቃል። ካሜራው መሃላቸው ያለ ይመስላል። በ«ራን» ግን ካሜራው ራቅ ብሎ ቆሟል። የሦስቱ ወንድማማቾች ጦር በቢጫ፣ በቀይና በሰማያዊ ባንዲራ ይለያል። ግንቡ ሲወረር የጦርነቱ ድምፅ ይጠፋና ሙዚቃ ብቻ ይቀራል። ግማሹ ተማሪ «ሰውዬው ጉልበቱ አለቀ» አለ። ግማሹ «አርጅቶ ነው የሚያየው፣ ሽማግሌ እንደዚህ ነው ጦርነት የሚያይ» አለ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። ጦርነት ያሳለፉ ቤተሰቦች ያሉን ሰዎች ያንን ዝምታ አይተን ደከመ ለማለት ይከብደናል። ለዛው ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

የሕንዱን ሳትያጂት ራይን በአጭሩ ነው ያየነው። በ1955 «ፓቴር ፓንቻሊ»ን ሲያወጣ ሜዳ ላይ ነው የሠራው። ሁለት ልጆች ረጅም ነጭ አበባ ያለው ሣር ውስጥ እየሮጡ ባቡር ሊያዩ ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ የሚታይ ይመስላል። በ1980ዎቹ ልቡን ታመመ። ሐኪሞቹ ውጭ እንዳይቀርጽ ስለከለከሉት በ1989 «ጋናሻትሩ»ን ስቱዲዮ ውስጥ ሠራው። ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ። ነፋስ የለም። ይህን ድክመት ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ከዚያ ወደ ራሳችን ሰው መጣን። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የተማረ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974፣ በንጉሡ መውረድ ሰሞን፣ እዚሁ አገር ውስጥ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። ጥቁርና ነጭ ነው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬውን ይሳደባል፤ ገበሬው ይሠራል። ካሜራው አይቸኩልም። «ጤዛ» የወጣው በ2008 ነው። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። በሁለቱ መካከል ከ30 ዓመት በላይ አለ። ያው ቁጣ፣ ያው መሬት፣ ያው ያለመቸኮል አለ። «ጤዛ»ን ስናይ አንዳንድ ተማሪዎች አጎታቸውን፣ አያታቸውን እያነሱ ሲያወሩ ነበር።

ኃይሌ ለምን አልደበዘዘም? አንዱ ምክንያት እንጀራው ፊልም ስላልነበረ ይመስለኛል። ለረጅም ዓመታት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። «ሳንኮፋ»ን በ1993 አከፋፋይ ሲያጣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። ያዘዘው ሰው የለም። ያቺው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ብዙ ስላልሠራ ይሆናላ! በየዓመቱ ቢሠራ እሱም ይደበዝዝ ነበር» ብላ ሞገተችኝ። ጥሩ ሙግት ነው። «ጤዛ»ን ለመሥራት ከ10 ዓመት በላይ ገንዘብ መፈለጉን አስቡ። ያን ያህል የተጠበቀ ፊልም ለልማድ ቦታ የለውም። ቢሆንም ድህነትን የለዛ ጠባቂ አድርጌ ማመስገን አልፈልግም። ስንት ፊልም ሳናይ እንደቀረን ማን ያውቃል።

በርተንንም እንዲሁ አልተውነውም። በ2024 «ቢትልጁስ ቢትልጁስ»ን አወጣ፤ የመጀመሪያው የ1988 ነው። አሻንጉሊቱንና በእጅ የሚሠራውን ዘዴ መልሶ አምጥቷል። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በአንዳንድ ቦታ ደስ ብሎት ሲሠራ ታይቶኛል።

ከፊልም ማየት ባሻገር ዘንድሮ እኛም ሠርተናል። እንደ «ቪንሰንት» ፎቶ በፎቶ ነው። በስልክ፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ። አንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቡድን ከካርቶን የተቆረጠች አህያ የሐረጎን አቀበት ጭነት ይዛ ስትወጣ ሠራ። መንገዱ ጠመዝማዛ የተቀደደ ጆንያ ነው፤ ጭጋጉ ጥጥ ነው። አንዱ አህያዋን በጥፍሩ ጫፍ ይገፋል፣ ሌላው ጥጡን ይስባል፣ ሦስተኛው ትንፋሹን ውጦ ፎቶ ያነሳል። አንድ ኩርባ ላይ ጭነቱ ይንሸራተትና አህያዋ ቆማ ወደ ኋላ ታያለች። ይህ ቦታ በእውነት ያሳዝናል። ከዚያ ጫፍ ስትደርስ ትንሽ ትወዛወዛለች። በወላጆች ቀን ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ፤ በተለይ ውዝዋዜዋ ላይ።

እናም ሁለተኛው ፊልም ላይ አህያዋ ተመለሰች። አሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ትጨፍራለች። ጭነት የላትም፣ አቀበት የለም። ሳቁ ቶሎ መጣ፣ ቶሎም አለቀ። ስለ በርተን ያን ሁሉ የተሟገቱት ልጆች ናቸው የሠሩት። ሠርተው ሲያዩት ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። «ጭነቱን አወረድንባት እኮ» አለ አንዱ። አዎ፣ ያሳዘነችን ጭነት ስለነበራት ነው።

ሦስተኛው ፊልም ላይ ቡድኑ ተከራከረ። ግማሹ አህያዋ ትቅር፣ ግማሹ ትኑር አለ። በመጨረሻ ፒያሳ ላይ በጭጋግ ታክሲ የምትጠብቅ ሴት ልጅ ሠሩ። ጥጡና የተጣመመው መንገድ የእነሱ እንደሆኑ ያስታውቃሉ። አህያዋ ግን የለችም። በእኔ ዓይን ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ክበቡ ውስጥ ግን አሁንም የመጀመሪያው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ክርክሩም ገና አላለቀም።

ሦስቱም ፊልሞች ቤተ መጻሕፍት ያለው ኮምፒውተር ላይ ተጭነዋል። በተሠሩበት ቅደም ተከተል እዩዋቸው። ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለክበቡ ተጠሪ ስጡ፤ መስከረም ላይ የመጀመሪያው ውይይታችን የሚጀምረው ከእናንተ ጽሑፍ ነው።